የራዲያተሩ ፋንና የአባቴ ጉንጭ

ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ የላከልኝ ኮምፒውተር ሆሳዕና ሲደርስ ውስጡ የሰው ጫማ ነበረበት።

ኮምፒውተሩን በሻንጣ ይዞልን የመጣው መንገደኛ ቦታ ሲያጥረው የጎን ክዳኑን ፈትቶ፣ ክፍት ባገኘው ቦታ ሁሉ የራሱን ዕቃ ጠቅጥቆበታል። ካልሲ አወጣሁ፤ የተጠቀለለ ቀበቶ አወጣሁ፤ በመጨረሻ አንድ ጥንድ ቆዳ ጫማ አወጣሁ። የግራው ጫማ ጫፍ ፋኑ ላይ አርፎ ክንፎቹን ሰባብሯቸዋል። ሰውየው ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ጫማውን አገላብጦ አየና «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም» ብሎኝ ሄደ።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ስቱዲዮ አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ እቀርጻለሁ፤ ሌላውን ቀን ተቀምጬ የቀረጽኩትን እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የድሮው ኮምፒውተሬ ሥራ ሲበዛበት ይግልና ድርግም ይላል። ድርግም የሚለው ደግሞ ቦታ እየመረጠ ይመስለኝ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ለምርቃት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ወይም የሙሽሪት እናት ማልቀስ ስትጀምር። አንዲት ሙሽራ ቪዲዮዋ ሳይደርስላት ወልዳ፣ ልጇን አዝላ ልትጠይቀኝ መጥታ ታውቃለች። ልጁን አደነቅኩላት። ከዚያ በላይ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ነው ከጎረቤቱ የገዛውን ኮምፒውተር የላከልኝ። «ይሄኛው በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው» አለኝ በስልክ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ሰማችው።

«ውሃና መብራት አንድ ላይ?» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ከወንድምሽ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገሩ ግን ቀላል ነው። ውሃው ከታሸገበት አይወጣም። በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ይዞራል፤ ኮምፒውተሩ የሚያስብበት ፕሮሰሰር ጋ ሲደርስ ሙቀቱን ይቀበላል፤ ከዚያ መዳፍ የምታህል ራዲያተር ውስጥ ይገባል። ራዲያተሯ ላይ የተገጠመው ፋን አየር እያሳለፈ ያቀዘቅዘዋል። ፋን ከሌለ ውሃው ሙቀት ተሸክሞ ከመዞር በቀር የሚሠራው የለም።

ይህንን ለእናቴ ሳስረዳ አባቴ «ራዲያተር» የሚለውን ቃል ሰምቶ ከተቀመጠበት ተነሳ።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ከሆሳዕና ዱራሜ፣ ከዱራሜ አዲሎ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። ከዚያ አንድ ቀን ቁልፉን ለባለ መኪናው መልሶ ቤት ገባ። ምክንያቱን ስንጠይቀው «መንገዱ ተበላሽቷል» አለ። መንገዱ በዚያው ሰሞን ተጠግኖ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አባቴ አንድ ጊዜ የተናገረውን ነገር መልሶ የሚጠይቀው ሰው ቤታችን ውስጥ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ስቱዲዮዬ እየመጣ፣ ሙሽሮች ለፎቶ በሚቀመጡበት ባለ ወርቅማ ጠርዝ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ። ደንበኛ ሲመጣ ይነሳላቸዋል፤ ሲሄዱ ይመለስበታል። እኔ ኤዲት ሳደርግ የሙሽሮቹን አጃቢ መኪኖች በድምፃቸው ይተቻል። «በሦስተኛ መውጣት ሲገባው በአራተኛ እየጎተታት ነው» ይላል። ወይም «ይሄ ሰው ፍሬን ላይ ተኝቷል።» ስለ ሙሽሮቹ አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም።

እናም ራዲያተሩን ላሳየው ስቱዲዮ ወሰድኩት። ፊቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው ጎንበስ አለ። በጣቱ ዳሰሰው፤ ቀጫጭን የብረት ንጣፎቹን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረጋቸው።

«ራዲያተር ነው» አለ። «ልጅ ነው እንጂ ራዲያተር ነው። ቬንትሌተሩስ?»

«ፋኑን ጫማ ሰበረው።»

«የማን ጫማ?»

ነገርኩት።

«ራዲያተር ላይ ጫማ ለሚያስቀምጥ ሰው ፓስፖርት መስጠት ስህተት ነው» አለና ኮቱን ለበሰ። ቁልፉን ከመለሰ ወዲህ ወደ አንድ ቦታ ሲቸኩል ያየሁት ያን ቀን ነው።

የሄድነው ገበያው ጠርዝ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወዳላቸው አንድ ነጋዴ ነው። ቤተሰባቸው ድሮ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሆሳዕና የቀረ ነው፤ እሳቸው ሀዲይኛውን ከእኔ አሳምረው ይናገራሉ። አባቴ በሹፌርነቱ ዘመን ዕቃቸውን በአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲያመላልስላቸው ስለኖረ፣ «ሹፌሩ መጣ» ብለው ወንበር አቀረቡለት። የምንፈልገውን ስንነግራቸው ከጓዳ አንድ ካርቶን እየጎተቱ አመጡ። ሙሉው ፋን ነው።

«ሁሉም ኦርጅናል ነው» አሉ።

«የማን ኦርጅናል?» አለ አባቴ።

«የራሱ።»

«ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?» አልኳቸው።

«አንቺ የቱን ልትወስጂ ነው?»

«የሚሻለውን።»

«እንግዲያው እሱ ነው» አሉ።

ካርቶኑን ስንበረብር ለእኔ ራዲያተር መጠናቸው የሚሆን ሦስት ፋኖች አገኘን። ጋሼ ሦስቱንም በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። «ወስዳችሁ ሞክሯቸው፤ የማይሆናችሁን መልሱ። ብቻ የትኛው እንደሚሻል ንገሩኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጥቼ ነው የምቀልደው።»

አባቴ ስም ያላወጣለትን መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ፋኖቹንም መንገድ ላይ ስም አወጣላቸው። አንደኛው እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፤ ሲሠራ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ያበራል፤ ክንፎቹ ጠባብና የተራራቁ ናቸው። መብራቱን ጋሼ ሱቅ ውስጥ ሰክተው ስላሳዩን እሱ «ሙሽራው» ተባለ። ሁለተኛው ጥቁር፣ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ሲነሳ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። «ጎረምሳው» ተባለ። ሦስተኛው ከአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር የወጣ አመድማ ፋን ነው፤ ክንፎቹ ሰፋፊና እርስ በርስ የተጠጋጉ ናቸው፤ መዞር አለመዞሩን ለማወቅ ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። «ዝምተኛው» ተባለ።

መጀመሪያ የፈተንናቸው ያለ ራዲያተር፣ እንዲሁ በባዶ ሜዳ ነው። ከእናቴ የስፌት ሳጥን ነጭ ክር ወስጄ የካሜራዬ ትሪፖድ ላይ አንጠለጠልኩ። ፋኑ ጠረጴዛው ላይ ታስሮ ይነፋል፤ አባቴ ትሪፖዱን ይዞ ወደ ኋላ እየራቀ ይሄዳል፤ ክሩ መወዛወዝ ያቆመበት ቦታ ላይ ወለሉን በጠመኔ ያሰምራል። እኔ የፋኑን ሽቦ መብራት ከሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ጋር በእጄ ገጥሜ መያዝ ነበረብኝ፤ ዓይኔን ከዚያ ካነሳሁ ይላቀቃል።

አባቴ በርና መስኮቱን አስዘጋኝ። «የውጭ ነፋስ ከገባ ማጭበርበር ነው» አለ። ክፍሉ የሚተነፈስበት አልነበረም። ሦስት ፋን እየፈተንን ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን።

«ተነሳ?» እላለሁ ቀና ሳልል።

«ተነስቷል።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አለ።»

«አሁን?»

አንድ እርምጃ ይርቃል። ከዚያ፣ «ቆመ» ይልና ያሰምራል።

ሙሽራው አንደኛ ወጣ፤ ነፋሱ እስከ ሙሽሮች ወንበር ድረስ ሄደ። ጎረምሳው በጥቂት ሸርተት ብሎ ሁለተኛ። ዝምተኛው ከጠረጴዛው ብዙም ሳይርቅ ቀረ። ውጤቱ አከራካሪ ስላልነበረ ዝምተኛውን መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። አባቴም ሙሽራው በማሸነፉ ደስ ያለው መሰለኝ። ብርሃኑን ወዶለት ነበር።

በማግስቱ ሙሽራውን ራዲያተሩ ላይ ገጠምኩ። ለፈተና ጃጁራ ሄጄ የቀረጽኩትን አንድ ሰርግ መረጥኩ፤ የሙሽሪት አጎት ረጅም ንግግር ያደረጉበት ስለሆነ ኮምፒውተሩን በደንብ ያደክመዋል። ሥራውን አስጀመርኩና የሙቀቱን ቁጥር ስክሪን ላይ መከታተል ጀመርን፤ ማለቴ እኔ እያየሁ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አባቴ ይሰማል። አጎትየው ለዘመድ አዝማዱ ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ ቁጥሩ ዘጠና ዲግሪን አለፈ። አጠፋሁት።

«ገልብጪው» አለ አባቴ። «በመኪና ቬንትሌተሩ ያለው ከራዲያተሩ ኋላ ነው። ይስባል እንጂ አይገፋም። አንቺ እንዲገፋ አድርገሽ ገጠምሽው።»

ነገሩ እውነት ይመስላል። ኮምፒውተሩ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጣን፤ ከዚያ ፋኑን በራዲያተሩ በሌላኛው ጎን እንዲስብ አድርጌ ገጠምኩና አጎትየውን እንደገና አስነሳኋቸው። ቁጥሩ ዘጠናን ያለፈው እዚያው ሰላምታው ላይ ነው።

«ያው ነው» አልኩት።

«መኪና ስላልሆነ ነው» አለ አባቴ።

እንግዲህ ነፋሱ የት እንደሚገባ ማየት ነበረብን። በሜዳ ስቱዲዮውን አቋርጦ የሚሄደው ነፋስ በራዲያተሩ ውስጥ ምን ያህሉ ነው የሚያልፈው? ራዲያተሩን ከነፋኑ አውጥቼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አቆምኩ፤ ክሩን ከወዲያ በኩል፣ ነፋሱ በሚወጣበት፣ ትሪፖዱ ላይ አሰርኩ። አባቴ ክሩ ጋ ቆመ፤ እኔ ሽቦውን ያዝኩ።

«ተነሳ?»

«ትንሽ ነው» አለ። «ግን አለ።»

«በጣም ትንሽ?»

«እንደ ሕፃን ትንፋሽ።»

በዚህ ጊዜ የሽቦውን አያያዝ ስለለመድኩት፣ በአንድ እጄ እንደያዝኩ ዘወር ብዬ ለማየት ቻልኩ። ክሩ ትሪፖዱ ላይ አልነበረም። ተፈትቶ ወለሉ ላይ፣ ከአባቴ ጫማ አጠገብ ወድቋል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ ጉንጩን ወደ ራዲያተሩ አዙሮ ቆሟል።

«አባባ» አልኩት፤ «ክሩ የት አለ?»

ዓይኑን ገለጠ። «እዚህ ነዋ» አለና በጣቱ አየሩን አሳየኝ።

ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። ሙሽራው መብራቱን እየቀያየረ ይዞራል፤ አባቴ ግማሽ ፊቱ ቀይ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል። ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ድምፁ ይበቃኛል» የሚለው ትዝ አለኝ። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን የብርጭቆው አፍ ላይ የሚያደርገው ትዝ አለኝ። ሙሽሮቹን ትቶ መኪኖቹን በድምፅ የሚተቸው ትዝ አለኝ። እኔ ሥራዬ ሰው ማየት ነው፤ ለዚያ ነው የምከፈለው።

ሄጄ ክሩን አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት። አየኝ፤ ወይም መሄዴን ሰማ።

«እንቀጥል?» አለኝ።

«እንቀጥል» አልኩት።

ቀጠልን። ክር የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ ማናችንም አላነሳንም። ሙሽራውን ፈትቼ ጎረምሳውን ገጠምኩ፤ አባቴ ጉንጩን አስጠግቶ ወዲያው ፊቱን መለሰ። «ይሄ ይወቅጣል» አለ። ከዚያ፣ ምናልባት ለማሟላት ያህል፣ ዝምተኛውን ከፌስታሉ አወጣሁት። አባቴ ጉንጩን አስጠግቶ ቆየ። ጭራሽ ኮፍያውን አወለቀ።

«ይሄ የቱ ነው?» አለ።

«ዝምተኛው።»

«ይሄ ትናንት የወደቀው?»

«እሱ።»

«ያልፋል» አለ። «በደንብ ያልፋል። ከጎረምሳው ብዙም አያንስም።»

አላመንኩትም። የዓይኑን ነገር ካወቅኩ በኋላ ምኑን እንደማምን አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ገጥሜ አጎትየውን ለቀቅኳቸው። ሰላምታውን ጨረሱ። የሁለቱን ቤተሰብ የዘር ሐረግ ቆጠሩ፤ ምክር ጀመሩ፤ ምክሩን ጨርሰው ሌላ ምክር ጀመሩ። ቁጥሩ ሰባ ስምንት ላይ ቆሞ ቀረ። ጎረምሳውን ስሞክር ሰባ አምስት ሆነ፤ ድምፁ ግን የወፍጮ ቤት ስለሆነ አጎትየው የሚሉት አልሰማ አለኝ። የእኔ ሥራ ደግሞ ግማሹ መስማት ነው።

አባቴ በዚህ መሃል ፋኑና ራዲያተሩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጣቱን ሲያዞር ቆይቶ፣ «እዚህ ጋ ያፈተልካል» አለ። አውቶቡሱ ላይ በቬንትሌተሩና በራዲያተሩ መሃል ነፋሱ እንዳይበተን የሚሰበስብ ክዳን እንደነበረ ነገረኝ። ከአሮጌ የመኪና በር ጎማ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠን ዙሪያውን ደፈንነው። ዝምተኛው ወደ ሰባ ስድስት ወረደ። መሳብና መግፋቱ ላይ ተሳስቶ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ልክ ነበር፤ ሁለቱንም እኩል እርግጠኛ ሆኖ ነው የተናገረው።

ሙሽራው በባዶ ክፍል ውስጥ አየሩን ሩቅ ይወረውራል፤ ፊቱ የተጠቀጠቀ የብረት ንጣፍ ሲቆምበት ግን ነፋሱ በተራራቁት ክንፎቹ መሃል ወደ ኋላ ይመለሳል። ዝምተኛው ሩቅ አይወረውርም፤ ክንፎቹ ሰፊና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ግን አይመለስበትም። ይህን ለአባቴ ሳስረዳው ከግማሽ በላይ አላስጨረሰኝም።

«ሜዳ ላይ የሮጠ ሁሉ ዳገት አይወጣም» አለ። «ለዚህ ነው ሁለት ቀን የፈጀነው?»

የአስር ሰላት ደርሶ ስለነበር መስኮቱን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። አባቴ ኮፍያውን ይዞ ሙሽሮች ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«መንገዱ አልተበላሸም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ከአዲሎ ስመለስ ነው። መንገዱ ላይ ጥላ ያለ መሰለኝ። የዛፍ ጥላ። ጥላ ላይ ደግሞ ፍሬን አይያዝም። ጥጃ ነበር።»

«ገጨኸው?»

«ረዳቴ ጮኸ፤ መሪውን ጠመዘዝኩት። ጥጃው ወደ እናቱ ሮጠ። ሰው ሁሉ ‹ጎበዝ ሹፌር› ብሎ አጨበጨበልኝ።» ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስተካከለ። «ጭብጨባው ነው ያስፈራኝ። ሰዎቹን በሰላም አድርሼ ቁልፉን ሰጠሁ።»

«ለምን ሐኪም ጋ አልሄድክም?»

«ሐኪም ጋ ከሄድኩ ይነግረኛላ።»

«እሱ ነው እኮ ሥራው።»

«ካልነገረኝ ግን ገና አልታወቀም» አለ። እንደዚህ ሲያስብ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየቱ ነው። ልቆጣው ፈለግኩ፤ ግን ድምፁ ልክ ስለ ፋን እንደሚያወራ ሰው ነበር፤ እኔም በዚያው ድምፅ መለስኩለት።

«ሰኞ ይዤህ እሄዳለሁ።»

«ሰኞ ሥራ የለሽም?»

«ዝምተኛው ይሠራልኛል» አልኩት። ተነስቶ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። እሺ አላለም፤ ግን እምቢም አላለም። ብቻዬን ስቀር ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ የጠመኔውን መስመሮች በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳቸው።

ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ሄድን። የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው። ጣቶቹን ዘርግቶ «አባቴ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለው።

«አንተ አታውቀውም?» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ለምዶታል መሰለኝ አልሳቀም። በመብራት አየው፤ ሁለቱም ዓይኑ ላይ ሞራ እንዳለ፣ የቀኙ እንደበረታ ነገረን። አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «እዚያው ይቀራል ወይስ ይነሳል?» «በቀዶ ጥገና ይነሳል» አለው ሐኪሙ። «እንግዲያው አንሳው።»

በቀጠሮው ቀን ኮሪደሩ ላይ ከጃጁራ፣ ከአንጋጫና ከሌላም ቦታ የመጡ ሽማግሌዎችና እናቶች ተደርድረው ነበር። ሁሉም ተራ ይጠብቃሉ፤ ሁሉም ሌላው እንዳይፈራ ያበረታታሉ። አባቴ አጠገቡ ለተቀመጡት አንድ የአንጋጫ ገበሬ ስለ ራዲያተር ይነግራቸው ጀመር። እሳቸው አማርኛውም ሀዲይኛውም ብዙ አይሆንላቸውም፤ በከምባትኛ ይመልሱለታል። ተግባብተው ሲስቁ ነበር፤ በምን እንደሳቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስሙ ተጠርቶ ገባ፤ ገና ዱዓዬን ሳልጨርስ በፋሻ የተሸፈነ ዓይን ይዞ ወጣ።

ፋሻው የተነሳው በማግስቱ ነው። ነርሷ ፈታችለትና «ቀስ ብለው ይግለጡት» አለችው። ገለጠ። መጀመሪያ መስኮቱን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሻሽሽ ነጭ ነው እንዴ?» አለ።

«ሁልጊዜ ነጭ ነው።»

«ቢጫ ነው ብዬ ነበር። ለምን ቢጫ ብቻ እንደምትለብሺ እናትሽን ልጠይቃት ነበር።»

ለጋሼ ፋኖቹን ስንመልስላቸው አባቴ ውጤቱን ራሱ ነገራቸው። ጎረምሳውን ተቀበሉ፤ ዝምተኛውን ኮምፒውተሬ ላይ ስለገጠምኩት ገዛነው። ሙሽራውንም አባቴ አልመልስም አለ፤ ለራዲያተር የማይሆን ፋን ለሰው ይሆናል ብሎ ሙሽሮች ወንበር አጠገብ አቆመው። ሙሽሮች ለፎቶ ሲቀመጡ መብራቱን ወደውት አብሯቸው እንዲነሳ ይጠይቃሉ። ጋሼ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ፋን ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ለክፍት ቦታ ነው ወይስ ለራዲያተር?» ይላሉ አሉ። ኦርጅናል ነው ማለታቸውንም አልተዉም።

ሁለተኛው ዓይኑ በወራት ልዩነት ተሠራ። ሐኪሙ ሲፈቅድለት ወንድሜን በቪዲዮ አገናኘሁት፤ ስልኩን ፊቱ ፊት ያዘው። «ወፍረሃል» አለው። ወንድሜ ከሳቀ በኋላ ካሜራውን ወደ ጣሪያው አዞረው፤ ለትንሽ ጊዜ የሚሠራበትን ሱቅ ጣሪያ ብቻ ነው ያየነው።

አባቴ የዓይን ምርመራውን አልፎ መንጃ ፈቃዱን አደሰ። ባለ መኪናው አውቶቡሱን እንደገና እንዲይዝ ጠይቆት ነበር። አንድ ቀን ዱራሜ ደርሶ ተመለሰና ቁልፉን በፈቃዱ መለሰ። «ሰው በጣም ብዙ ነው» አለ። «ድሮ እንደዚህ ብዙ አልነበረም፤ ወይ አላያቸውም ነበር።» አሁን ቅዳሜና እሁድ አነስ ያለች መኪና እንከራያለን፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ ከነካሜራዬ ኋላ እቀመጣለሁ።

የኤዲት ሥራዬ ግን አልቀለለም። ስክሪኑን ማየት ከጀመረ ወዲህ መኪኖቹን ትቶ ሰዎቹን ይዟል። «ይሄ ሰው ለምን ሁለት ጊዜ ይታያል?» «የዚህችን ልጅ ፊት ለምን ቆረጥሽው?» አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ድምፁ ስለማይሰማ፣ የእሱ ድምፅ ብቻ ነው ክፍሉ ውስጥ ያለው።

ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ፣ ሁሉም ሰው ሙሽሮቹን ከቦ ሲጨፍር፣ አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ወደ ድንኳኑ ጥግ አዙሪው» አለኝ። አዞርኩት። የሙሽሪት አያት ናቸው መሰለኝ፣ አንዲት አሮጊት፣ ሰው ሁሉ ረስቷቸው፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ከቀሚሳቸው በታች በጭፈራው ምት መሬቱን ይመታል፤ ፊታቸው ግን ሐዘን ቤት እንዳለ ሰው ጭምት ነው። ሌላ ማንም አላያቸውም። ካሜራውን ቀስ ብዬ አስጠጋሁ። አባቴ ጭፈራው እስኪያልቅ አጠገቤ ቆሞ ያንን እግር ሲያይ ቆየ።